ይቺ መርፌ ከየትኛው ብር ናት?

እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬም ብቻዬን ነኝ። እንግዳ ያልጠራሁት ሆን ብዬ ነው። የማወራው ነገር ውስጥ የራሴ ጥፋት አለበት፣ ሰው ፊት ለፊቴ ተቀምጦ ባወራው ያሳፍረኛል። መብራት ሳይሄድ እንጨርሰው።

አዲስ አበባ ላይ «እገሌ አማኑኤል ገባ» ከተባለ ሌላ ማብራሪያ አያስፈልግም። ሰውዬው አእምሮውን ታሟል ማለት ነው። እኛ ጎጃሞች ግን አማኑኤል የምትባል ከተማም አለችን። ማቻክል ወረዳ፣ ከደብረ ማርቆስ ወደ ባህር ዳር ሲሄዱ መንገድ ላይ። ስለዚህ እዚህ «ልጁን አማኑኤል ወሰዱት» ከተባለ መጀመሪያ የሚጠየቀው «የትኛው አማኑኤል?» ነው። በግ ሊሸጥ ሄዶ ይሆናላ!

የአክስቴን ልጅ ግን ለበግ ገበያ አልነበረም የወሰዱት። ከማርቆስ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ዓባይ በረሃን አሻግረው አዲስ አበባ ነው ያደረሱት። ለብዙ አሥርት ዓመታት በአገሪቱ የነበረው የአእምሮ ሆስፒታል ያ አንድ አማኑኤል ብቻ ነበር። ከዚያ በፊት ሰከላ፣ ግሽ ዓባይ ጠበል ከርሟል። ጠበሉን የማነሳው ለመንቀፍ አይደለም። እዚያ ቢያንስ የሚያዝንለት ሰው ነበረው። ቤት ውስጥ ግን ምሰሶ ላይ ታስሮ ነበር። ይህንን እኔም አይቻለሁ። እግሩ ላይ ያለው ጠባሳ አሁንም አለ።

ከአዲስ አበባ ሲመለስ አንድ ወረቀት ይዞ መጣ። በየወሩ የሚወጋት መርፌ ተጽፋለች። ፍሉፌናዚን ትባላለች። አክስቴ «የወር መርፌ» ነው የምትላት። አካባቢያችን ያለው ጤና ጣቢያ የአእምሮ ጤና ስልጠና ወስዶ የመጣ አንድ ነርስ ስለነበር ልጁ እዚያ ክትትል ጀመረ። በሁለተኛው ዓመት በሬ ጠመደ። አክስቴ ምድጃው ሥር ተቀምጣ ጅራፍ ሲጮህ ትሰማና «እሱ ነው» ትላለች። የሰፈሩን ሰው ሁሉ ጅራፍ ለይታ የምታውቅ ይመስል። ለሷ ግን ጤና ማለት ያ ድምፅ ነበር።

አሁን ወደ እኔ እንምጣ። በዚያን ጊዜ የአንድ ወረዳ ምክር ቤት ጽሕፈት ቤት ውስጥ ቃለ ጉባኤ ያዥ ነበርኩ። ወረዳውን አልጠራም። ጎጃም ውስጥ ነው በሉት፣ ይበቃል። ሥራዬ መጻፍ ነው። ምክር ቤቱ ይሰበሰባል፣ በጀት ያጸድቃል፣ እኔ እጽፋለሁ። የማኅበራዊ ጉዳዮች ቋሚ ኮሚቴው ደግሞ ትምህርት ቤትና ጤና ጣቢያ እየዞረ ያያል። አብሬ እሄዳለሁ፣ እጽፋለሁ።

ስለ በጀቱ አሠራር ትንሽ ልንገራችሁ፣ አሰልቺ ቢሆንም ጣጣው ያለው እዚያ ነው። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ወረዳ ከክልል ጥቅል በጀት ይመጣለታል። ለየትኛው ዘርፍ ስንት እንደሚመደብ ወረዳው ይወስናል። ሲከፋፈል በሂሳብ መደብ ነው። የ6100 ቤት ደመወዝ ነው። የ6200 ቤት ዕቃና አገልግሎት ነው፤ ነዳጁ፣ አበሉ፣ መድኃኒቱ፣ ወረቀቱ። መምህሩም፣ ነርሱም፣ የግብርና ባለሙያውም መጀመሪያ ደመወዛቸውን ይበላሉ። አብዛኛው ብር እዚያው ያልቃል። የተረፈችው ናት ለመድኃኒትና ለነዳጅ የምትቃረጠው።

ታዲያ በዚያ ሰነድ ውስጥ የህመም ስም አታገኙም። የዕቃ ስም እንጂ። ቲቢ፣ ወባ፣ ኤችአይቪ ግን የራሳቸው ፕሮግራም፣ የራሳቸው ሪፖርት፣ የራሳቸው ጠያቂ አላቸው። መድኃኒታቸውም ለታማሚው በነፃ ነው የሚመጣው። የአእምሮ ህመም መድኃኒት እንዲህ አይደለም። ጤና ጣቢያው ከመድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት በራሱ ብር ይገዛዋል። ብር ካለው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው መንግሥታት ከጤና በጀታቸው ለአእምሮ ጤና የሚያወጡት 2 በመቶ ገደማ ነው። እኔ በያዝኩት ሰነድ ላይ ግን 2 በመቶ ይሁን ዜሮ ማወቂያ መንገድ የለም። ጤና ሚኒስቴር ከ2005 እስከ 2008 የሚሆን የአእምሮ ጤና ስትራቴጂ አውጥቶ ነበር። አገልግሎቱ እስከ ጤና ጣቢያ ይውረድ የሚል ነው። ጥሩ ሐሳብ ነው። አገልግሎቱም ወረደ፣ ነርሱም ሰልጥኖ መጣ። የሂሳብ መደቡ ግን አብሮት አልመጣም።

ታኅሣሥ ላይ ነው፣ የጤፍ አጨዳ እየተገባደደ። ቋሚ ኮሚቴው ጤና ጣቢያውን ሊያይ ሄደ። ቼክሊስቱ እጄ ላይ ነው። መጸዳጃ ቤት አለ ወይ? የወሊድ አገልግሎት ስንት? ክትባት ስንት? የወባ መድኃኒት አለ ወይ? እየጠየቅን ምልክት እናደርጋለን። ሰዓቱ ወደ ምሳ ነው፣ ሁሉም ለመውጣት ተነሥቷል።

ነርሱ «ይህችንም ክፍል እዩልኝ» አለ። በግድ ነው ያስገባን። ጠባብ ክፍል ናት፣ አንድ ጠረጴዛና ሁለት ወንበር። ረጅም መዝገብ ገለጠ። በማስመሪያ በእስክሪብቶ ያሰመረው። በግራ በኩል ስም፣ ወደ ቀኝ ወሮቹ። መስከረም ላይ ምልክት፣ ምልክት፣ ምልክት። ጥቅምት ላይ «የለም»። ኅዳር «የለም»። ታኅሣሥ «የለም»። ሃያ ሦስት ስም ነው። ሃያ ሦስቱም ፊት ለፊት፣ አንድ በአንድ፣ በእጁ «የለም» ብሎ ጽፏል። አንድ ጊዜ ጽፎ ወደ ታች መስመር መሳብ ይችል ነበር። አልሳበም።

አራተኛው ስም የአክስቴ ልጅ ነው።

አይቻለሁ። ነርሱም ማየቴን አይቷል፣ ይመስለኛል። ዝም አልኩ።

ከኮሚቴው ውስጥ አንድ አዛውንት ገበሬ ነበሩ። ሰው ሲሰበሰብ ብዙ አይናገሩም። በትራቸውን ተደግፈው መዝገቡን ቆመው አዩት። ማንበብ ይችሉ እንደሆነ እንኳ አላውቅም። «ልጄ፣ ይቺ መርፌ ከየትኛው ብር ነው የምትገዛው?» አሉት።

እንደዚህ ዓይነት ጥያቄ በዚያ ሥራ ላይ ስቆይ ሰምቼ አላውቅም። እኛ የምንጠይቀው «በጀቱ ስንት በመቶ ሥራ ላይ ዋለ?» ነው። 98 በመቶ ከተባለ አጨብጭበን እንሄዳለን። ሰውዬው ግን ከመርፌዋ ጀምረው ወደ ብሩ ነው የሄዱት፣ እንደ ጠፋ በሬ ዱካ ተከትለው።

ነርሱ «ከጤና ጣቢያው የውስጥ ገቢ» አለ። የጤና ጣቢያው ኃላፊ ተጠራ። «የውስጥ ገቢያችን አብዛኛው ከጤና መድን የሚመጣ ነው፣ መድኑ ደግሞ የሁለት ሩብ ዓመት አልከፈለንም» አለ። ለመድኑ ተደወለ። «የላኩት ደረሰኝ ተሟልቶ አልመጣም፣ መልሰናል» አሉ። ኃላፊው «ሞልተን ልከናል፣ ፋይናንስ ጋ ነው ያለው» አለ። ፋይናንስ ስልክ አላነሣም። ምሳ ሰዓት ነዋ።

አዛውንቱ ሁሉንም አዳመጡና «እኛ ጥር ላይ ለመድን የከፈልነው ታዲያ የት አደረ?» አሉ። መልስ የሰጣቸው የለም። ሰብሳቢው «አያ፣ ይህ በሌላ መድረክ ይታያል» አላቸው። ወጣን።

ማታ ቃለ ጉባኤውን ጻፍኩ። ጥፋቴ ያልኳችሁ ይሄ ነው። የጻፍኩት እንዲህ ይላል፦ «በመድኃኒት አቅርቦት ዙሪያ የታዩ ክፍተቶች እንዲሻሻሉ አስተያየት ተሰጥቷል።» በቃ። ሃያ ሦስት ሰው፣ ሦስት ወር፣ የአዛውንቱ ጥያቄ፣ ሁሉም «ክፍተት» ሆኖ ገባ። ይቺ ቃል እንዴት ያለች ምቹ ጉድጓድ ናት፣ ስንቱን ቀበርንባት። ጉባኤው ላይ ሲነበብ «በሰፊው ከተወያየ በኋላ» የሚል ጨመርኩበት። ውይይቱ አሥር ደቂቃም አልሞላ።

ለምን? ሥራዬ ስለሆነ ብቻ አይደለም። የአክስቴ ልጅ እህት ለጋብቻ ተጠይቃ ነበር። ታውቁታላችሁ፣ እኛ ዘንድ አጥንት ይቆጠራል። «ዘራቸው ውስጥ እብደት አለ» ከተባለ ሽማግሌው ከመንገድ ይመለሳል። መዝገቡ ላይ ጣቴን ባደርግ፣ «ይሄኛው የኔ ሰው ነው» ብል፣ ከሰዓት በኋላ ወረዳው ሁሉ ያውቀዋል። ስለዚህ ዝም ማለቴ ገንዘቡን ለሚያዙት ሰዎች ተመቻቸው። ሌሎቹም ሃያ ሁለት ቤተሰቦች ያው ናቸው። መንገድ ሲበላሽ ገበሬ ተሰብስቦ ቢሮ ይወጣል። «የእብድ መድኃኒት አለቀብን» ብሎ ማን ይወጣል?

ልጁ ጥር ላይ አመመው። ሌሊት ተነሥቶ ሄደ፣ በሦስተኛው ቀን አገኙት። ጅራፉ ዝም አለ። ስለዚህ ነገር ከዚህ በላይ አልናገርም።

ስለ መድኑ ግን አንድ ነገር። ማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ሲጀመር፣ በ2003፣ በሙከራ ከተመረጡት 13 ወረዳዎች አንዱ የኛው ደቡብ አቸፈር ነበር። እኔ መድኑን እወደዋለሁ። ብዙ ሰው በሬውን ሳይሸጥ ታክሟል። ነገር ግን ደብተሩ የሚቆጥረው አባት፣ እናትና ከ18 ዓመት በታች ያሉ ልጆችን ነው። ከዚያ በላይ ለሆነ ተጨማሪ ይከፈላል። አክስቴ ባሏ የሞተባት ናት። ልጇ 34 ዓመቱ ነው፣ አላገባም፣ እሷው ጉያ ነው ያለው። ለመድኑ ግን እንደ ትልቅ ሰው ይቆጠራል። ይህንን ደንብ ያወጣው ሰው ክፋት ያሰበ አይመስለኝም። የ34 ዓመት ልጇን እንደ ሕፃን የምትጠብቅ እናት ትዝ አላለችውም፣ ይኸው ነው።

ደግሞ ሰኔ አለ። ሰኔ 30 ዓመቱ ይዘጋል። ያልተሠራበት ብር «ይቃጠላል»። እናም በዚያ ወር አዳራሽ አይገኝም፣ ሁሉም ስልጠና ላይ ነው። ታሽጎ የመጣ ውሃ፣ ዳቦ በሻይ፣ አበል። በዚያው ዓመት ሰኔ አንድ የጤና ስልጠና ላይ ቃለ ጉባኤ ይዣለሁ። ርዕሱን አልነግራችሁም፣ ትስቃላችሁ። አበሉን እኔም ፈርሜ ወስጃለሁ። የስንት ሰው የስንት ወር መርፌ ይሆን እንደነበር ማታ ቁጭ ብዬ አሰላሁ። ከዚያ በኋላ ማስላት ተውኩ።

ሰዎች «ታዲያ ምን ይሁን?» ይሉኛል። ሌላ ኮሚቴ ይቋቋም የሚል ካለ እኔ አብሬው አይደለሁም። ኮሚቴስ ሞልቶናል። እኔ የምፈልገው ቼክሊስቱ ላይ አንድ መስመር ነው፦ በዚህ ሩብ ዓመት የአእምሮ ህመም መድኃኒት ስንት ቀን ጠፋ? በመቶኛ አይደለም፣ በቀን። ነርሱ ያንን በማስመሪያ ሠርቶት ነበር። ምክር ቤቱ የውስጥ ገቢን ሲያጸድቅ ደግሞ ለመርፌዋ ስንት እንደተያዘ ጮክ ተብሎ ይነበብ። የተነበበ ነገር ቃለ ጉባኤ ውስጥ ይገባል። የገባ ነገር በዓመቱ ይጠየቃል።

ይሄ ሁሉ ከ2015 በፊት ነው። ከዚያ ወዲህ ያለውን ታውቁታላችሁ፣ መንገዱ አንዴ ሲከፈት አንዴ ሲዘጋ ነው። እኔም ሥራውን ለቅቄ ባህር ዳር ነኝ። አሁን ነገሩ እንዲህ ሆኗል፦ አክስቴ የመድኃኒቱን ካርቶን በሰው ስልክ ፎቶ አስነሥታ በቴሌግራም ትልክልኛለች፣ እኔ ፋርማሲ ለፋርማሲ እዞራለሁ። ባለፈው ሳምንት ሁለት አምፑል አገኘሁ። ብርሃን እንዳያገኘው በጥቁር ፌስታል ጠቅልዬ ለሾፌር ሰጠሁ። ሾፌሩ ምን እንደሆነ ጠየቀኝ። በዚህ ጊዜ አልዋሸሁም፤ «የአእምሮ መድኃኒት ነው፣ የአክስቴ ልጅ ነው የሚወስደው» አልኩት። ሰውዬው ወንበሩ ሥር ከማድረግ ይልቅ የደረት ኪሱ ውስጥ ከተተው።

ማታ አክስቴ ደወለች። «ደርሷል የኔ ልጅ፣ እግዜር ይስጥልኝ» አለች። ትንሽ ቆየችና «ነርሱ ግን የለም፣ ስልጠና ሄዷል አሉኝ» አለች።

መብራቱ ብልጭ ድርግም እያለ ነው። በሉ፣ ደህና ሁኑ።