ወረቀት የሌለው መልአክ

ጤና ይስጥልኝ፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ ብቻዬን ነኝ። እንደተለመደው ከሮም ነው የማወራችሁ።

የምጦራቸው አሮጊት አሉ፤ ሲኞራ ነው የምላቸው። ባለፈው ሴፕቴምበር 29 ሰበካቸው ይዣቸው ሄድኩ። ደብሩ የቅዱስ ሚካኤል ነው። ለካ ቀኑ የገብርኤልና የሩፋኤልም ኖሯል። ሦስቱም ባንድ ቀን! ድሮ ገብርኤል ማርች 24፣ ሩፋኤል ኦክቶበር 24 ነበሩ። በፈረንጆች 1969 የበዓላቱ አቆጣጠር ሲሻሻል ነው የተጠቃለሉት።

ወር በገባ በ12 ሚካኤል፣ በ19 ገብርኤል ሲባል ላደገ ሰው ግር ይላል። ደግሞ ሴፕቴምበር 29 በእኛ አብዛኛውን ጊዜ መስከረም 19 ነው። ስለዚህ እኔ በልቤ ያከበርኩት ገብርኤልን ነው። ለሲኞራ ስነግራቸው ሳቁብኝ።

ሚካኤል እዚህ አገር ትልቅ ነው። የጣሊያን ፖሊስ ጠባቂም እሱ ነው፤ በ1949 ፒዮስ 12ኛ ናቸው የሰየሙት። ወንዙ ዳር ያለው የመልአኩ ግንብ አናት ላይ የነሐስ ሐውልቱ ቆሟል። ብዙ ጊዜ በአውቶቡስ ሳልፍ ሰይፍ የመዘዘ ይመስለኝ ነበር። ለካስ ወደ አፎቱ እየመለሰ ነው! በ590 ወረርሽኝ ከተማውን ሲጨርስ፣ ጳጳሱ ጎርጎርዮስ መልአኩ ሰይፉን ሲከት አዩ ይባላል። መቅሰፍቱ አበቃ ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ ሳየው ደስ ይለኛል።

ስንመለስ ሲኞራ «ያንቺስ ደብር የማነው?» አሉኝ። እኔ የዑራኤል ሰፈር ልጅ ነኝ፣ «የዑራኤል» አልኩ።

«እሱ ደግሞ ማነው?»

ካቶሊኮች በስም የሚጠሩት መጽሐፍ ቅዱሳቸው ውስጥ ስማቸው ያለውን ሦስቱን ብቻ ነው። በ745 ሮም ላይ የተቀመጠ ጉባኤ ዑራኤልን ጨምሮ ሌሎች ስሞችን አልቀበልም ብሏል። ቫቲካን በ2001 ባወጣችው መመሪያም ለመላእክት ሌላ ስም አትስጡ ትላለች። እኛ ጋ መጽሐፈ ሄኖክ አለ፤ ዑራኤልም እዛ በስሙ ተጽፏል። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ከፋኝ። ወረቀት አልወጣ ብሎት የሚንከራተት ስደተኛ መሰለኝ። እኔም አምስት ዓመት እንደዚያ ኖሬያለሁ።

ቦርሳዬ ውስጥ ጽዋ የያዘበት ትንሽ ሥዕል ነበረችኝ። አውጥቼ ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው ብዙ አዩዋት፣ ከዚያ ከሚካኤላቸው አጠገብ አቆሟት። ስሙ አፋቸው ላይ አልገባ ብሏቸዋል። ዛሬ ጠዋት ሻማ ሳበራ ታዲያ፣ «ለያንቺኛውም አብሪለት እንጂ!» ብለው ተቆጡኝ።