ግማሽ ሲኒ ሻይ

እሺ፣ እየቀረጸ ነው። እንዴት ናችሁ? ከቻይናዋ ከተማ ከጓንግዡ ከተመለስኩ ሦስት ሳምንት ሞላኝ። ሚጡ “መቼ ነው የምታወሪው?” እያለች ትጨቀጭቀኛለች። ቀይዋ ሻንጣ የት ደረሰች ለምትሉኝም፣ በሰላም ገብታለች።

ስለ ከተማው ልነግራችሁ ነበር የተቀመጥኩት። 600 ሜትር የሚረዝመውን የካንቶን ማማ ማታ ከወንዙ ዳር ሆኜ አይቼዋለሁ። ያምራል። ከሁሉ የገረመኝ ግን የመንገዱ ጸጥታ ነው። አውቶቡሱ ኤሌክትሪክ፣ ታክሲው ኤሌክትሪክ፣ ሞተሩም ኤሌክትሪክ። ያን የሚያህል ሕዝብ እያለ የወፍ ድምፅ ይሰማል። ግን እንቅልፍ የነሳኝ እሱ አይደለም። እኚያ ሽማግሌ ናቸው።

ሊዋን የሚባል አሮጌ ሰፈር አለ። ጠዋት ሰው ሻይ ቤት ይሄዳል። የእኛ ዓይነት ሻይ ቤት እንዳይመስላችሁ። ሰፊ አዳራሽ ነው። ምግቡ በእንፋሎት በስሎ በቀርከሃ ቅርጫት ይመጣል። ትልልቅ ሰዎች ጋዜጣ ይዘው ሰዓታት ይቀመጣሉ። ቦታ ከጠፋ ከማታውቁት ሰው ጋር ያስቀምጧችኋል። እኔን ከአንድ አባት ጋር አስቀመጡኝ። ሰማንያ ያለፋቸው ይመስለኛል።

መጀመሪያ ሲኒዬን አነሡት። ደነገጥኩ። በትኩስ ሻይ አለቀለቁልኝ። ከዚያ ቀዱልኝ። ለራሳቸው ሳይቀዱ! እኔም የእናቴ ልጅ ነኝ፣ ዝም ብዬ አልቀመጥም። ማንቆርቆሪያውን ተቀብዬ ለእሳቸው መቅዳት ጀመርኩ። በሁለት ጣታቸው ጠረጴዛውን መታ መታ አደረጉት። “ይበቃል” ያሉኝ መሰለኝ። አቆምኩ። ግማሽ ላይ።

ትርጉሙን ያወቅኩት ማታ ሆቴል ገብቼ ነው። “አመሰግናለሁ” ማለት ነው። ንጉሥ ቺያንሎንግ ተራ ሰው መስሎ ሲዞር ለአሽከሮቹ ሻይ ቀዳላቸው ይባላል። ተነሥተው ቢሰግዱ ማንነቱ ሊታወቅበት ነው። ስለዚህ በጣታቸው ሰገዱ። አፈ ታሪክ ነው፣ ግን አስቡት። እሳቸው በጣታቸው ሲያመሰግኑኝ እኔ እጄን ሰበሰብኩ። እኛ ቤት ለእንግዳ ግማሽ ሲኒ ቢቀዳ እናቴ ምን እንደምትል ታውቃላችሁ።

የእናቴን ፔርሙስ ታስታውሳላችሁ አይደል? ትልልቅ ቀይ አበባ ያለውን። እዚያ ሰው ሁሉ ሙቅ ውሃ ይዞ ነው የሚዞረው። ኤርፖርቱ ውስጥ ሳይቀር የፈላ ውሃ መቅጃ አለ። አንድ ሱቅ ውስጥ ያንን ፔርሙስ አየሁት። ያው አበባ፣ ያው ክዳን። እንባዬ መጣ። እናቴ ስንት ለቅሶ ቤት ሻይ ይዛበት ሄዳለች… ለምንድነው ወደዚህ የገባሁት? አዎ፣ እሳቸው።

ስልካቸውን አወጡና ተናገሩበት። በእንግሊዝኛ ተርጉሞ አሳየኝ። “ከየት ነሽ?” ይላል። እኔም “አሜሪካ” አልኩ።

ይኼ ነው የማይለቀኝ።

ውሸት አይደለም። ፓስፖርቴ ሰማያዊ ነው፣ ሜሪላንድ አሥራ ሰባት ዓመት ኖሬያለሁ። ግን አምልጦኝ አልተናገርኩትም። መርጬ ነው። የአክስቴ ልጅ በፈረንጆቹ 2020 ኤፕሪል ላይ እዚያው ነበር። ሻኦቤይ አካባቢ፣ ልብስ እየገዛ የሚልክ ነጋዴ። በኮሮና ሰበብ አፍሪካውያን ከቤትና ከሆቴል ሲባረሩ እሱንም አከራዩ አስወጣው። ሁለት ሌሊት ደጅ አደረ። የአፍሪካ አምባሳደሮች እስከ መጻፍ የደረሱበት ጉዳይ ነው። ያንን ይዤ ነው አውሮፕላን የተሳፈርኩት። “ከየት ነሽ?” ስባል ያድነኛል ያልኩትን አገር ጠራሁ።

ግን ከማን ነው የሚያድነኝ? ሲኒዬን ካጠቡልኝ ሰው?

ደግሞስ እኛ… ቀለበት መንገዱ ሲሠራ ልጆች ነበርን። “ቻይና! ቻይና!” እያልን ሠራተኞቹን እንከተላቸው ነበር። ስማችሁ ማነው ብለን አንድም ቀን አልጠየቅንም። አንዱ ሁልጊዜ እጁን ያውለበልብልን ነበር። ፊቱ አሁንም ይታየኛል። ይኼን ከዚያ ጋር ማመሳሰሌ ልክ ይሁን አይሁን እንጃ። ልጆች ነበርን… ተዉት።

ትናንት ለአክስቴ ልጅ ደወልኩለት። ሁሉንም ነገርኩት፣ አሜሪካ ማለቴንም። ዝም አለ። ከዚያ “ሻዩ ጠቆር ያለ ነው? ፑኧር ይሆናል” አለኝ። ድምፁ ናፍቆት ነበረው። የጣቱን ነገርም ያውቀዋል። አራት ዓመት በጣቱ ሲያመሰግን ኖሯል። “ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?” አልኩት።

“ስለተባረርኩበት ቀን ብቻ ነው የጠየቅሽኝ” አለኝ።

ምን እላለሁ? እውነቱን ነው። እኔ እኮ… እና እሳቸው ያቺን ግማሽ ሲኒ ቀስ ብለው ጠጧት። ጨምሪልኝ አላሉኝም። ማንቆርቆሪያው እኔ ጋ ነበር…