ከልስን በፊት ቁጠሩ

(ደብረ ብርሃን ላይ ለቤት ሠሪ ማኅበር አባላት ስብሰባ የተዘጋጀ ንግግር)

እንደምን አደራችሁ፣ እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ ወንድሞቼና እኅቶቼ። በዚህ ብርድ ከጋቢ ወጥታችሁ ስለመጣችሁ እግዜር ይስጥልኝ። እኔ ሽቦ እንጂ ወሬ መዘርጋት አልችልበትም። ስለዚህ ጽፌ ነው የመጣሁት፣ ብደናቀፍ ይቅር በሉኝ።

የማወራችሁ ስለ አንዲት ትንሽ ሳጥን ነው። ከሶኬትና ከማብሪያ ማጥፊያ ጀርባ ግድግዳ ውስጥ የምትቀበረዋ። ቤት ሲሠራ ስለ ብረቱ፣ ስለ ሲሚንቶው፣ ስለ ቆርቆሮው ጌጅ ስንት ቀን ይመከራል። ስለ እሷ ግን ማንም አይጠይቅም፣ ከተለሰነ በኋላ ደግሞ ማንም አያያትም።

እኔም አልጠይቅም ነበር። ሥራ በጀመርኩበት ሰሞን የአንዲት እናት ሳሎን ውስጥ አንድ ሶኬት ላይ ሦስት ቱቦ አገናኘሁ። አንዱ ያመጣል፣ ሁለቱ ወደ ሌላ ክፍል ይወስዳሉ። በየቱቦው ፌዝ (ኃይል የሚያመጣው)፣ ኒውትራል (የሚመልሰው) እና ግራውንድ (የመሬቱ ሽቦ)፣ ባጠቃላይ ዘጠኝ ሽቦ። ሳጥኗ ጥልቀቷ 4 ሴንቲ ናት። መጀመሪያ በአውራ ጣቴ ገፋሁት። እምቢ አለ። በካቻቪቴ እጀታ ገፋሁት። በመጨረሻ ሶኬቱን አስጠግቼ ሁለቱን ረጃጅም ብሎኖች ማጥበቅ ጀመርኩ፣ ብሎኑ ራሱ እየጎተተ አስገባው፣ ከላይ ሲታይ ቀጥ ያለ፣ ያማረ ሶኬት ሆነ፣ ገንዘቤን ተቀብዬ ሄድኩ።

ክረምት ላይ ደወሉልኝ። «ልጄ፣ ሂተሩን ስሰካ የሆነ ነገር ይሸተኛል።» ብሬከሩን (ከመጠን በላይ ሲሳብ መስመሩን የሚቆርጠውን) አጥፍቼ፣ በቴስተር አረጋግጬ ፈታሁት። የሶኬቱ ጀርባ ቡኒ ሆኗል። የፌዙ ሽቦ ላስቲክ እንደ ደረቀ የባቄላ ቅርፊት ጣቴ ላይ ተሰባበረ። የሆነው ይሄ ነው፤ የታጨቁት ሽቦዎች ሶኬቱን ከኋላ ሲገፉት አንዱን ጠምዝዘው ከማሰሪያው አላልተውታል። የላላ ቦታ ይግላል። ሲግል ይበልጥ ይላላል፣ ሲላላ ይበልጥ ይግላል።

«ብሬከሩስ ለምን አልወደቀም?» ብለው ጠየቁኝ፣ ጥሩ ጥያቄ ነው። ባለ 2000 ዋት ሂተር በ220 ቮልት ወደ 9 አምፔር ነው የሚስበው። ብሬከሩ ባለ 16 ነው። ለእሱ ሁሉም ሰላም ነው፣ የሚያየው ምን ያህል እንደተሳበ እንጂ የት ቦታ እንደጋለ አይደለም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እቆጥራለሁ። አቆጣጠሩን የወሰድኩት ከአሜሪካኖች የኤሌክትሪክ ደንብ ነው። ሳጥኑ ውስጥ የሚገባ እያንዳንዱ ሽቦ የራሱ ቦታ ይያዝለታል ይላል። 14 ቁጥር ለሚሉት ሽቦ 2 ኪዩቢክ ኢንች፣ 12 ቁጥር ለሚሉት ደግሞ 2.25። እኛ ለሶኬት የምንዘረጋው 2.5 ሚሊ የምንለው (2.5 ካሬ ሚሊሜትር) ሽቦ በውፍረት በሁለቱ መካከል ስለሚወድቅ ወደ ትልቁ አስጠግቼ ለአንዱ 37 ኪዩቢክ ሴንቲሜትር እይዝለታለሁ። ግራውንዶቹ እስከ አራት ድረስ ሁሉም ተደምረው እንደ አንድ ይቆጠራሉ። ሶኬቱ ራሱ እንደ ሁለት ሽቦ ይቆጠራል። ሳይቆረጥ አልፎ የሚሄድ ሽቦ አንድ ነው። እዚያው ተነሥቶ እዚያው የሚያልቅ ቁራጭና ማያያዣው አይቆጠሩም።

አሁን አንድ ተራ ሶኬት አብረን እንቁጠር። መስመር ይመጣል፣ ወደሚቀጥለው ሶኬት ይሄዳል። ሁለት ፌዝና ሁለት ኒውትራል፣ አራት። ግራውንዶቹ አንድ፣ አምስት። ሶኬቱ ሁለት፣ ሰባት። ሰባት ጊዜ 37፣ 259። ሳጥኑን በውስጥ በኩል በማስመሪያ ለኩት፤ 7 በ7 በ4 ከሆነ 196 ነው። አይበቃም! መስመሩ እዚያው ካለቀ ግን አምስት ጊዜ 37፣ 185 ይሆናል፣ ይበቃል። ያው ሳጥን ነው። ጥልቀቱ 5 ተኩል ከሆነ ወደ 270 ይጠጋል፣ የመጀመሪያውንም ይችለዋል። የእኔ ዘጠኝ ሽቦ? ፌዝና ኒውትራሉ ስድስት፣ ግራውንዶቹ አንድ፣ ሶኬቱ ሁለት፣ ዘጠኝ ጊዜ 37፣ 333 ይጠይቅ ነበር። እኔ 196 ውስጥ ጠቅጥቄዋለሁ።

እንግዲህ ባለሙያው ለምን ጥልቁን አይቀብርም? እውነቱን ልንገራችሁ፣ የሙያ ጓደኞቼ ይቀየሙኝ ይሆናል። የምንከፈለው በፖይንት፣ ማለትም በሶኬቱና በማብሪያ ማጥፊያው ብዛት ነው። ብሎኬቱን በመሮ አንድ ተኩል ሴንቲ ጨምሮ የቦረቦረ ሰው ሌላው ከሚያገኘው ሳንቲም አይጨመርለትም። በድንጋይ ግድግዳማ ባታነሡት ይሻላል፣ አንዷ ሳጥን ግማሽ ቀን ትፈጃለች። ስለዚህ ፖይንት ስትዋዋሉ «ጥልቅ ሳጥን ነው የምፈልገው፣ ለመቦርቦሩም እጨምርልሃለሁ» በሉት። ደግሞ ሳጥኑ ሙሉ በሙሉ ብሎኬቱ ውስጥ መስጠም የለበትም። ልስኑ 2 ሴንቲ ከሆነ ሳጥኑ በዚያው ልክ ወደ ውጭ ወጥቶ ይቀመጥ፣ ልስኑ ሲደርስበት አፉ እኩል ይሆናል። የሚቦረቦረውም ያንን ያህል ይቀንሳል።

ለጥልቁ ቦታ ከሌለ ሽቦውን አትጭኑበት። ከላይ ትልቅ ጃንክሽን ቦክስ አድርጋችሁ መስመሮቹን እዚያ አገናኙ፣ ወደ ሶኬቱ አንድ መስመር ብቻ ይውረድ። ጃንክሽን ቦክሱም ግን ይቆጠራል፣ ትልቅ ነው ተብሎ የሰፈሩ ሽቦ ሁሉ አይታጨቅበትም። ክዳኑም በልስን አይደፈን፣ አንድ ቀን መከፈቱ አይቀርም።

የእንጀራ ምጣድ በዚህ ሒሳብ ውስጥ የለም። እሱ ብቻውን ከ16 አምፔር በላይ ሊስብ ይችላል። ከብሬከሩ ጀምሮ የራሱ ወፍራም መስመር ይሳብለት፣ ከሌላ ሶኬት ጋር አታዳብሉት።

ሽቦ ገብቶ ልስን ሳይጀመር አንድ ቀን ውሰዱ። ከባለሙያው ጋር ሆናችሁ በየክፍሉ ዞራችሁ ቁጠሩ፣ በስልካችሁም ፎቶ አንሡ። ሰውዬው ሊሰለቸው ይችላል። ይሰልቸው።

ሁለት ሳጥን ይዤ መጥቻለሁ፣ አንዱ ባለ 4 ሴንቲ፣ አንዱ ባለ 5 ተኩል። ሁለቱም ውስጥ ስድስት ስድስት የ2.5 ሽቦ ቁራጭ ሶኬት ላይ አስሬበታለሁ። ሻዩ እስኪቀዳ ድረስ እየተቀባበላችሁ ሶኬቱን በአውራ ጣታችሁ ግፉት። ኤሌክትሪክ የለውም፣ አትፍሩ።