በግዕዝ ፊደል ለሚጽፉ የውክፔዲያ አርታኢዎች፦ ቀድመው የሚስተካከሉ ምርጫዎች

[ስክሪን፦ የአማርኛ ውክፔዲያ፤ ጠቋሚው «ምርጫዎች» ላይ]

አካውንት ከከፈታችሁ በኋላ የመጀመሪያውን ጽሑፍ ከመጀመራችሁ በፊት «ምርጫዎች» የሚለውን ገጽ ክፈቱ። ሳጥኑ ብዙ ነው፤ አብዛኛውን እንዳለ ተዉት። መነካት ያለባቸው በግዕዝ ፊደል ስንጽፍ የሚያስቸግሩት ናቸው።

ከአርትዖት ክፍል እንጀምር። የመጻፊያው ሳጥን ፎንት ሲመጣ ሁሉም ፊደል እኩል ስፋት እንዲይዝ ተደርጎ ነው። እንዲህ ያሉት ፎንቶች አብዛኞቹ የግዕዝ ፊደል የላቸውም፤ ስለዚህ ብሮውዘሩ ከሌላ ፎንት ይበደራል፤ አማርኛውና ላቲኑ መጠናቸው ይዘባረቃል። «ሳንስ ሰሪፍ» የሚለውን ምረጡ።

[ስክሪን፦ የመጻፊያ ሳጥን፤ ከሥሩ ትንሿ የኪቦርድ ምልክት]

ኮምፒውተራችሁ የአማርኛ ኪቦርድ ከሌለው ውክፔዲያ የራሱ አለው። ሳጥኑን ስትነኩ የኪቦርድ ምልክት ብቅ ይላል፤ አማርኛን ምረጡ። ማብሪያና ማጥፊያው ኮንትሮልና ኤም ነው፤ ይህን ጣታችሁ ይልመደው። ለምን? ምንጭ ለማስገባት «ሬፍ» የሚባለውን ኮድ በላቲን መጻፍ አለባችሁ። ኪቦርዱ እንደበራ ከጻፋችሁት በግዕዝ «ረፍ» ሆኖ ይወጣል፤ ሲስተሙም አያውቀውም፤ ማጣቀሻው ግርጌ በመውረድ ፈንታ ዓረፍተ ነገሩ መሃል ተገትሮ ይቀራል።

ሁለት ነጥብም እንዲሁ ያታልላል። ገጹን ከመሰሎቹ ጋር ለመመደብ «መደብ» ብላችሁ የምታስከትሉት የላቲኑን ሁለት ነጥብ «:» እንጂ የእኛን «፡» አይደለም። ለዓይን አንድ ይመስላሉ፤ ለሶፍትዌሩ ግን የተለያዩ ናቸው። የእኛን ካደረጋችሁ ገጹ መደቡ ውስጥ አይገባም፣ ጽሑፉ ላይ ቀይ ሊንክ ይቀመጣል። አራት ነጥብም አንዱን «።» ጻፉ እንጂ ሁለት «፡» አትደርድሩ።

እነዚህን ስህተቶች የሚይዝላችሁ ቅድመ እይታ ነው። በዚያው ክፍል ገጹ እንደገና ሳይጫን ቅድመ እይታ እንዲታይ የሚያደርገውን ምልክት አድርጉበት፤ ኢንተርኔት ሲንቀራፈፍ ልዩነቱ ይታያል። ማጠቃለያ ሳትጽፉ ልታስቀምጡ ስትሉ የሚያስታውሰውንም አብሩት። ማጠቃለያው 500 ፊደል ድረስ ይቀበላል፤ «ዓ.ም. ታርሟል፤ ምንጭ ተጨምሯል» ካላችሁ ይበቃል።

መብራት ለሚጠፋበት ሰፈር ደግሞ ያልተቀመጠ አርትዖትን መልሶ የሚያመጣው አማራጭ አለ። ጽሑፉን እዚያው ብሮውዘር ውስጥ ለ30 ቀን ይይዘዋል፤ በሌላ ኮምፒውተር ብትገቡ ግን አታገኙትም። የኢንተርኔት ካፌ ሰው አይመካበት።

«ሁሉም አርትዖቴ ጥቃቅን ነው» የሚለውን በፍጹም አትንኩ። አንድ አንቀጽ ሙሉ ሰርዛችሁ ጥቃቅን ከተባለ፣ ለውጥ የሚከታተሉ ሰዎች ይጠራጠሯችኋል።

[ስክሪን፦ የገጽ ታሪክ፤ ቀይና አረንጓዴ ቁጥሮች]

የገጽ ታሪክ ላይ የምታዩት ቁጥር የፊደል ብዛት ሳይሆን ባይት፣ ማለትም ጽሑፉ ኮምፒውተር ውስጥ የሚይዘው ቦታ መለኪያ ነው። አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይወስዳል፤ 3000 ተቀነሰ ቢላችሁ የጎደለው 1000 ፊደል ገደማ ነው። የገጽ ርዕስም ከ255 ባይት አያልፍም፤ በአማርኛ ከ85 ፊደል የረዘመ ርዕስ አይቀበልም ማለት ነው።

የቀረው ቀላል ነው። የሰዓት ክልሉን አዲስ አበባ አድርጉ፤ ውይይት ላይ ስትፈርሙ የሚወጣው ሰዓት ግን የዊኪው ስለሆነ በዚህ አይለወጥም። ኢሜይላችሁን አረጋግጡ፤ አለዚያ የይለፍ ቃል ስትረሱ መመለሻ የለም። የምታርሟቸው ገጾች ክትትል ዝርዝር ውስጥ በራሳቸው እንዲገቡም አድርጉ፤ ከእናንተ በኋላ ማን ምን እንደነካ የምታውቁት በዚያ ነው።

ስትጨርሱ የማስቀመጫውን ቁልፍ መጫን አትርሱ፤ ካልተጫነ ምንም አልተለወጠም። ምርጫው የሚሠራው እዚሁ ዊኪ ላይ ብቻ ነው። በእንግሊዝኛውም ሆነ በትግርኛው ለምትጽፉ «ዓለም አቀፍ ምርጫዎች» የሚለውን ገጽ ከፍታችሁ፣ በሁሉም ላይ እንዲሠራ የምትፈልጉትን ብቻ ምልክት አድርጉበት። የመጻፊያውን ፎንት ግን እያንዳንዱ ዊኪ ላይ ለብቻው ብትተዉት ይሻላል።