አዮኑ ታማኝ ነው፤ እጃችን ግን ይንቀጠቀጣል

ክቡራን መምህራን፣ ውድ ተማሪዎች፣ እንደምን አመሻችሁ።

ኳንተም ኮምፒውተር ሲነሣ ሁሉም የሚያወራው ስለ ፍጥነቱ ነው። ቤተ ሙከራ ውስጥ የሚያድረው ሰው ግን የሚታገለው ከስሕተት ጋር ነው። ዛሬ የማወራው አየር በተመጠጠለት ዕቃ ውስጥ፣ በኤሌክትሪክ መስክ ተይዘው በሚንሳፈፉ አዮኖች፣ ማለትም የኤሌክትሪክ ሙል ባላቸው አቶሞች፣ ስለሚሠራው ኮምፒውተር ነው።

አዮን መረጃ በመያዝ አይታማም። በ2021 የቻይናው ሲንኋ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች አንድ የኢተርቢየም አዮን የኳንተም መረጃውን ከአንድ ሰዓት በላይ ይዞ ሊቆይ እንደሚችል አሳይተዋል። ጌት የምንለው አንዱ የስሌት እርምጃ ግን ከሰከንድ ሺኛ ባነሰ ጊዜ ያልቃል። ታዲያ ስሕተቱ ከየት ይመጣል?

ክራርን አስቡ። አንዱን ጅማት ስትመቱ ሌሎቹም በጥቂቱ ይርገበገባሉ። ጎን ለጎን የተያዙ ሁለት አዮኖችም በኤሌክትሪክ ኃይል ስለሚገፋፉ አንዱ ሲወዛወዝ ሌላው አብሮት ይወዛወዛል። የፊዚክስ ሊቃውንቱ ሲራክ እና ዞለር በ1995 ያቀረቡት ሐሳብ ይህን የጋራ ውዝዋዜ መልእክተኛ ማድረግ ነበር፦ ሌዘር አንዱን አዮን ይነካል፣ ውዝዋዜው ወሬውን ለሌላው ያደርሳል። ሞልመር እና ሶረንሰን በ1999 ያመጡት ዘዴ አዮኖቹ ፍጹም ባይረጉም ይሠራል። ሆኖም ጌቱ ገና ሳያልቅ ሌላ እጅ ክራሩን ከነካው ዜማው ይበላሻል።

ያ ሌላ እጅ አዮኖቹን የያዘው ብረት ራሱ ነው። ኤሌክትሮድ ከምንላቸው ከእነዚህ ብረቶች ገጽ የሚነሣው የኤሌክትሪክ ሁከት አዮኖቹን ያሞቃቸዋል። አዮኑ ከኤሌክትሮዱ ያለው ርቀት በግማሽ ሲቀንስ ሁከቱ ወደ 16 እጥፍ ሊያድግ ይችላል፤ ስለዚህ መሣሪያውን ማሳነስ ዋጋ ያስከፍላል። በ2012 የአሜሪካ የደረጃዎች ተቋም ተመራማሪዎች የኤሌክትሮዱን ገጽ በአርጎን አዮኖች ደብድበው ሲያጸዱት ሁከቱ ወደ መቶ እጥፍ ገደማ ቀነሰ። የኳንተም ፊዚክስ ወደ ዕቃ አጠባ ወረደ ብትሉኝ አልቀየምም።

ሌዘሩም የራሱ ጣጣ አለው። ብርታቱ ትንሽ ከፍ ካለ ኪዩቢቱ፣ ማለትም አዮኑ የያዘው የኳንተም መረጃ፣ ከታሰበው አልፎ ይዞራል። ይህ በማስተካከል የሚድን ነው። የማይድነው ሌላ ነው፦ አዮኑ አልፎ አልፎ አንድ ፎቶን፣ ማለትም የብርሃን ቅንጣት፣ ውጦ ወዳልታሰበ አቅጣጫ ይተፋዋል፤ መረጃውም አብሮ ይሄዳል። እዚህ ላይ አዮኑንም ነጻ አላወጣውም። የሌዘሩን ቀለም አዮኑ ከሚውጠው ቀለም ማራቅ ይረዳል፤ ያን ጊዜ ደግሞ ብዙ ኃይል ይጠይቃል።

በ2025 የኦክስፎርድ ሰዎች በሌዘር ፋንታ ማይክሮዌቭ ተጠቅመው፣ በአንድ ካልሲየም አዮን ላይ ስሕተቱን በ6.7 ሚሊዮን እርምጃ አንድ ጊዜ ብቻ ወደሚያጋጥም ደረጃ አወረዱት። ክራሩ ሲገባበት ግን ነገሩ ይለያል፤ በ2016 ትልቅ ድል የተባለው የሁለት አዮኖች ጌት ስሕተት ከሺህ አንድ ነበር። እንዲህ ያለ ጌት ሺህ ጊዜ ቢደጋገም አንድም ሳይሳሳት የማለቅ ዕድሉ 37 በመቶ ብቻ ነው። ስሌቱን በሰሌዳው ላይ አሳያችኋለሁ፤ እባካችሁ ጠመኔ አቀብሉኝ።