ሂሳቡን ቀድሞ የሚከፍለው ማን ነው?

ለታክሲ ባለንብረቶችና አሽከርካሪዎች ጉባኤ የቀረበ ንግግር

የተከበራችሁ የማኅበሩ አባላት፣ ሹፌሮች፣ ረዳቶች፣ የጥሪ እንግዶች፤ እንደምን አደራችሁ።

የተጋበዝኩት “የአየር ንብረት ፖሊሲና ኢኮኖሚ” በሚል ርዕስ እንድናገር ነው። የቀን ገቢውን ትቶ እዚህ የተቀመጠ ሹፌር ስለ ካርቦን ልኬት ንግግር እንደማይናፍቀው አውቃለሁ። እውነቱን ለመናገር እኔም አልናፍቅም። ስለዚህ በቀጥታ ወደ ኪሳችን እንግባ።

ነዳጅ ሲወደድ ምን እንደሚመጣ ከአዲስ አበባ ታክሲ ነጂ በላይ የሚያውቅ የለም። በየካቲት 1966 የዓለም የነዳጅ ዋጋ ናረና መንግሥት ቤንዚን ላይ 50 በመቶ ጨመረ። ታክሲዎች ቆሙ። ንጉሡ ዋጋውን መልሰው ቀነስ ቢያደርጉትም ነገሩ አልበረደም። የካቲት 20 የአክሊሉ ሀብተ ወልድ ካቢኔ ወረደ። አብዮቱን ያመጣው ነዳጅ ብቻ ነበር የሚል ሞኝ የለም። የወሎ ረሃብ ነበር፣ የወታደሩ ደመወዝ ነበር፣ የአስተማሪው ጥያቄ ነበር። ግን ከዚያ ወዲህ በዚህች አገር የቤንዚን ዋጋ የሚነካ ባለሥልጣን ሁሉ እጁ ሳይንቀጠቀጥ አይነካም።

አሁን ያለንበትን እንይ። ድጎማው ደረጃ በደረጃ መነሳት የጀመረው በ2014 ክረምት ነው። ያኔ ቤንዚን አዲስ አበባ ላይ ከ36.87 ወደ 47.83 ብር ወጣ። በ2017 የገና ሰሞን 101.47 ገባ። በመሃል ብሩ ራሱ ወርዷል። ሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ ብዙም ሳይቆይ መቶን አለፈ። ስለዚህ ጭማሪውን በሙሉ ለድጎማው መነሳት መስጠት ልክ አይሆንም። ማደያ ተሰልፎ በቴሌብር የሚከፍል ሰው ግን ይህን ቁጭ ብሎ አይተነትንም። መልእክቱን ያያል፣ ቀሪውን ያያል፣ ይማረራል።

በጥር 2016 ደግሞ የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ ዓለሙ ስሜ ኤሌክትሪክ ካልሆነ በቀር አውቶሞቢል ወደ አገር እንደማይገባ ተናገሩ። በዓለም የመጀመሪያዋ አገር ተባልን። ለምን እንዲህ ቸኮልን? ኢትዮጵያ ወደ ሰማይ የምትለቀው ጋዝ ከዓለም 1 በመቶ አይሞላም። ዋናው ነገር ዶላር ነው። ነዳጅ በየዓመቱ ቢሊዮኖች ይበላል። መብራታችን በበኩሉ ከ90 በመቶ በላይ ከውኃ ነው የሚመነጨው። ጳጉሜ 2017 የተመረቀው ሕዳሴ ግድብ ብቻውን 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። የራስን መብራት ትቶ፣ በመከራ በተገኘ ዶላር ናፍጣ መግዛት አያዋጣም። በዚህ ነገር እኔ ከመንግሥት ጋር ነኝ። አንዳንዶቻችሁ ፊታችሁ ሲከፋ እያየሁ ነው፤ ትንሽ ታገሱኝ።

ቅሬታዬ የሚጀምረው ጥቅሙ ቀድሞ ማን ቤት ገባ የሚለው ላይ ነው። እንደ ፈረንጆቹ በ2022 በወጣው ማበረታቻ ተገጣጥሞ የሚገባ የኤሌክትሪክ መኪና ቀረጥ 15 በመቶ ሆነ፣ በከፊል ተገጣጥሞ ለሚገባው 5፣ ተፈታቶ ለሚመጣው ምንም። ኤክሳይዙ፣ ተጨማሪ እሴት ታክሱና ሱር ታክሱ ተነሳለት። መልካም ነው። ግን ይህ እፎይታ የሚደርሰው መኪና መግዛት ለሚችል ሰው ነው። እሱ አይዲ ፎር የተባለች የኤሌክትሪክ መኪናውን ማታ ግቢው ውስጥ ሰክቶ ይተኛል። የእሱ ወጪ ወረደ።

አሁን ደግሞ ከመሸ መገናኛ እንሂድ። ወደ አያት ሰፈር የሚሄደው ሰልፍ ተጠማዞ አስፋልቱን ይዟል። አንዲት የልብስ ስፌት ሠራተኛ ሰልፉ መሃል ቆማለች። ሚኒባሱ ሲመጣ ረዳቱ በመስኮት ብቅ ብሎ “ግማሽ መንገድ ነው!” ይላል። መንገዱ ተቆረጠ ማለት ነው። ለአንድ ጉዞ ሁለት ጊዜ ትከፍላለች። አትሳቁ፣ ታውቁታላችሁ! ሹፌሩን ብትጠይቁት ጎማው፣ ዘይቱ፣ መለዋወጫው ስንት እንደገባ ይቆጥርላችኋል፤ አይዋሽም። ያ ሁሉ ተደማምሮ ግን የሚወራረደው እሷ ላይ ነው። መኪና የላትም፣ ወደፊትም አይኖራት ይሆናል። የታለመለት የነዳጅ ድጎማ ለእናንተ የተሰጠው በእናንተ በኩል እሷን ይጠቅማል ተብሎ ነበር። እሷ ግን አላየችውም። ያላየችውን ነገር ደግሞ አመስግኚ ማለት አይቻልም።

ይህ ነገር በእኛ አገር ብቻ የታየ አይደለም። ኢራን በፈረንጆቹ ታኅሣሥ 2010 የነዳጅና የዳቦ ድጎማ ስታነሳ የኮታ ቤንዚን ዋጋ በአንድ ሌሊት በአራት እጥፍ ጨመረ። ከተማው ግን አልተናጠም። ምክንያቱም ከቀኑ በፊት ለእያንዳንዱ ሰው የሚደርሰው ገንዘብ በቤተሰብ ሂሳብ ገብቶ ነበር። ገንዘቡ ይታያል፣ ግን ዋጋው እስኪጨምር ድረስ አይወጣም። ሰዉ መጀመሪያ የሚያገኘውን አየ፣ ከዚያ የሚከፍለውን ሰማ። በኋላ ያንን ገንዘብ የዋጋ ንረት በላው፣ ያ ሌላ ታሪክ ነው። በ2019 ግን ያው መንግሥት ዋጋውን በድንገት በሌሊት ጨመረ፣ ክፍያውን ለነገ አለ። መንገዱ በደም ታጠበ።

ካናዳም አለች። ቶሮንቶ ወይም ካልጋሪ ዘመድ ያለው ሰው ይህን ሰምቶ ይሆናል። በ2019 በነዳጅ ላይ የካርቦን ክፍያ ጣሉ። በአንድ ቶን የካርቦን ጋዝ 20 ዶላር ተጀምሮ በ2024 ወደ 80 ደረሰ። ከሚሰበሰበው ገንዘብ 90 በመቶ ያህሉ ለቤተሰቦች ይመለስ ነበር። ድሃው ብዙ ስለማይነዳ፣ ቤቱም ጠባብ ስለሆነ፣ ማደያ ላይ ከሚከፍለው የበለጠ ይመለስለታል። በወረቀት ላይ ከዚህ የተሻለ አሠራር አላውቅም። ታዲያ ምን ሆነ? መጀመሪያ ገንዘቡ የሚመለሰው በዓመቱ የግብር ሂሳብ ውስጥ ተቀብሮ ነበር። በኋላ በየሦስት ወሩ ባንክ ይገባ ጀመር፤ ግን ብዙ ሰው ከየት እንደመጣ በማይገባው ስም ነበር የሚገባለት። ማደያው ላይ ያለው ዋጋ ግን በየቀኑ ዓይን ይወጋል። ተቃዋሚዎች “ግብሩን እንቁረጠው” ብለው አገር አዳረሱ። መንግሥት ራሱ በ2023 ቤቱን በነዳጅ ዘይት ለሚያሞቀው ለይቶ ሲምር፣ ሌላው “የእኔስ?” አለ። መጋቢት 2025 ማርክ ካርኒ ጠቅላይ ሚኒስትር በሆኑበት ዕለት የሸማቹን ክፍያ ዜሮ አደረጉት። የሚጠቅመውን ነገር ሕዝቡ ራሱ ጣለው፣ ጥቅሙ ስላልታየው።

ፈረንሳይን በአጭሩ ልለፋት። በፈረንጆቹ 2018 የናፍጣ ግብር ሊጨምሩ ሲሉ፣ ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ የሀብታሞችን የሀብት ግብር አብዛኛውን አንስተው ነበር። የገጠሩ ሰው ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ አየ። ቢጫ ሰደርያውን ለብሶ አደባባይ ወጣ፣ ጭማሪው ቀረ።

ስለዚህ እኛ ጋ ምን ይሁን? እኔ የምለው ቀላል ነው። የነዳጅ ዋጋ ማስተካከያ በወጣ ቁጥር፣ እዚያው ማስታወቂያ ላይ፣ ከዋጋው ስር አንድ መስመር ይጨመር፦ በዚህ የተረፈው ገንዘብ ይህን ያህል ነው፣ የገባውም እዚህ ነው። ስንት አውቶቡስ፣ የትኛው መስመር። የአያት ሰልፈኛዋ “ይሄ አውቶቡስ ከዚያ ገንዘብ ነው” ብላ በጣቷ ማሳየት አለባት። በቴሌብር መሰብሰብ ከተቻለ በቴሌብር መመለስም ይቻላል፣ ቴክኖሎጂው ያው ነው።

የእናንተም ጉዳይ አለ። ያረጀ ሚኒባስ ያለው ሰው ቀረጥ ስለተነሳለት ብቻ የኤሌክትሪክ ሚኒባስ አይገዛም። ብድር ይፈልጋል፣ ያውም ቤት ሳያስይዝ። አሮጌ መኪናውን የሚረከበው ይፈልጋል። ከከተማ ወጥቶ ቻርጅ የሚያደርግበት ይፈልጋል፤ ገና ከሕዝቡ ግማሽ ያህሉ መብራት ባላገኘበት አገር ይህ ቀላል ጥያቄ አይደለም። ከመስከረም 2017 ጀምሮ የመብራት ታሪፉም በየሦስት ወሩ እየጨመረ ነው። ይህን ሳትደምሩ “መብራት ርካሽ ነው” የሚላችሁን ሻጭ አትመኑ።

ጋራዦቹን ደግሞ ማንም አያነሳቸውም። ሶማሌ ተራ የሚሸጠውን አስቡት፦ ካንዴላ፣ ፊልትሮ፣ ፍሪሲዮን፣ ራዲያተር። የኤሌክትሪክ መኪና ካንዴላ የለውም፣ የሞተር ዘይት አይቀየርለትም። ሃያ ዓመት ሞተር ሲያወርድ የኖረ መካኒክ ከፍተኛ ቮልቴጅ ባትሪ ፊት ሲቆም እንደ አዲስ ተለማማጅ ነው፤ ሳይሠለጥን ከነካው ሊሞት ይችላል። ቀረጡን ያነሳው ደብዳቤ ስለ እሱም አንድ አንቀጽ ቢኖረው ጥሩ ነበር።

በፈረንጆቹ 2027 ኮፕ 32 የተባለው የዓለም የአየር ንብረት ጉባኤ እዚሁ አዲስ አበባ ይካሄዳል። እንግዶቹ ከቦሌ በኤሌክትሪክ መኪና እንደሚወሰዱ አልጠራጠርም። ማኅበራችሁ እስከዚያ ድረስ አንድ ነገር ቢያደርግ እመክራለሁ፦ የብድሩን ጥያቄ፣ የአሮጌ መኪናውን ርክክብ፣ የመካኒኩን ሥልጠና በጽሑፍ አዘጋጅቶ ከወዲሁ ያስገባ። ሂሳቡን ስትሠሩ ልረዳችሁ ፈቃደኛ ነኝ።

አሁን ጥያቄያችሁን ልስማ። ከኋላ እጅ ያወጡት አባት ይጀምሩ።