መዝሙርና ዘፈን በአንድ ፍላሽ

ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። ድምፄ ጎርነን ካለባችሁ ይቅርታ፤ ታናሽ እህቴን ድረን ገና አላገገምኩም። እልልታው ነው የዘጋኝ።

እኔ ሰንበት ትምህርት ቤት ከበሮ እየመታሁ ያደግኩ ሰው ነኝ። ስለዚህ ቤተሰቡ «የዜማው ነገር ያንቺ ነው» ብሎ ጣለብኝ። እህቴ በቴሌግራም 14 ርዕስ ላከችልኝ። መዝሙር አለበት፣ የሰርግ ዘፈን አለበት፣ ሙሽሪት ስትገባ ፈረንጆቹ የሚያሰሙት ያ «ታን ታን ታታን»ም አለበት። ሁሉም ተደባልቆ፣ እንደ ገበያ ዘንቢል።

የቤተ ክርስቲያኑ አላስጨነቀኝም። እዚያ የምንመርጠው ነገር የለማ! የተክሊሉ ጸሎትም ዜማውም የታወቀ ነው። ካህናቱ ይላሉ፣ ሕዝቡ ይቀበላል፤ ሙሽሮቹ ካባ ደርበው፣ አክሊል ደፍተው፣ አስቀድሰው ይቆርባሉ። «እኔ የምወደው መዝሙር እዚህ ጋ ይግባልኝ» አይባልም። እውነቴን ነው፣ ይሄ ያሳርፈኛል። የኬኩ ቀለም፣ የወንበሩ ጨርቅ፣ የሚዜው ከረባት... ሁሉም ስብሰባ ይፈልጋል። አንድ ቦታ እንኳ አስተያየታችንን የሚጠይቅ ሲጠፋ እፎይ ነው።

የእኛ ተራ የሚመጣው ከቤተ መቅደስ ሲወጡ ነው። ልጆቹ ነጭ ለብሰው፣ ከበሮ አንግተው ደረጃው ላይ ይጠብቃሉ። ለዚህች ቦታ እህቴ የመረጠችው ምን መሰላችሁ? የንስሐ መዝሙር። «ስሰማው አለቅሳለሁ» አለችኝ። «እኮ!» አልኳት።

አስቡት። በዐቢይ ጾም ከበሮና ጸናጽል ያርፋሉ፣ መቋሚያው ብቻ ይቀራል። ሰርግም በሁዳዴ የለም። ቤተ ክርስቲያን ራሷ ለደስታው ድምፅና ለልቅሶው ድምፅ ወቅት ለይታ ሰጥታለች። እኛ በጥር፣ ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ፣ «ማረኝ» እያልን ሙሽራ ልናወጣ? እህቴ ግን ዝም የምትል አይደለችም። «ሙሽራ ማረኝ አይልም ያለው ማነው?» አለች። ለዚህ እስካሁንም መልስ የለኝም። በመጨረሻ በደረጃው ላይ በከበሮ፣ በሽብሸባ የሚዘመረውን መረጥን። የእሷን ደግሞ በዋዜማው ሽንኩርት እየከተፍን ዘመርነው፤ ማን በመዝሙሩ፣ ማን በሽንኩርቱ እንዳለቀሰ አልተለየም።

ያ «ታን ታን ታታን» ደግሞ ጀርመናዊው የሙዚቃ ደራሲ ዋግነር ለኦፔራ የጻፈው ነው። ኦፔራው ሎሄንግሪን ይባላል፣ መጀመሪያ የታየው በፈረንጆቹ 1850 ጀርመን አገር፣ ቫይማር ከተማ ላይ ነው። ዜማው እዚያ ውስጥ የሚዘመረው ሙሽሮቹ ከተጋቡ በኋላ ወደ ጫጉላቸው ሲሸኙ ነው። ባልየው ስሜን አትጠይቂኝ ብሏታል። እሷ በዚያው ሌሊት ትጠይቃለች፣ እሱ ጥሏት ይሄዳል፣ እሷም ወድቃ ትቀራለች። ለእህቴ አንድ በአንድ ነገርኳት። «አዳራሹ ውስጥ ይሄን የሚያውቅ አንቺ ብቻ ነሽ» ብላኝ በእሱው ገባች። አምሮባታልም፣ ምን ልበል።

አሁን ወደ ራሴ ጥፋት ልምጣ። ለዲጄው ፍላሽ የሰጠሁት እኔ ነኝ። መዝሙሩንና ዘፈኑን በየፎልደሩ ልለይ አስቤ፣ ድካም ነው፣ ረሳሁት። ምሳ ተበልቶ፣ እስክስታው ደርቶ፣ ትከሻ ሲወርድ ሲወጣ... ድንገት የእመቤታችን መዝሙር! ያውም ድምፁ እስከ ጥግ ተከፍቶ። አጎቴ የቢራ ብርጭቆውን አንስቶ ነበር። አይጠጣው ነገር መዝሙር ነው፣ አያስቀምጠው ጠረጴዛው ሩቅ ነው፤ እጁ አየር ላይ ቀረ። ግማሹ ማጨብጨብ ጀመረ፣ ግማሹ ሊያማትብ ቃጣው። አንዲት አሮጊት ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሥተው ቆሙ፤ ከሁላችን የሚያደርጉትን ያወቁት እሳቸው ናቸው።

መዝሙር በአዳራሽ አይሰማ የምል ሰው አይደለሁም። ሙሽሮቹ ሲገቡ በመዝሙር የሚቀበል ብዙ ሰርግ አለ፣ ያምራልም። እኔ የማየው ያን ጊዜ የሰው እጅ ምን እንደያዘ ነው። የዘፈኖቻችንም ነገር እንደዚያው ነው፣ እያንዳንዱ ሥራ አለው። «አናስገባም ሰርገኛ» የበር ዘፈን ነው። ልጆቹ አዳራሹ መግቢያ ላይ ሊደግሙት ሞከሩ። መስታወቱ በር በራሱ ጊዜ ተከፈተና ዘፈኑ እዚያው ሞተ።

ያን ቀን ረፋዱ ላይ ግን፣ ቤታችን ሙሽራው ሊወስዳት ሲመጣ! ኮንዶሚኒየም ነን፣ አራተኛ ፎቅ። ሚዜዎቹ «ሃይ ሎጋ» እያሉ ደረጃውን ሲወጡ ድምፁ ከምድር እስከ ጣራ ያስተጋባል፣ ሴቶቹ በሩን ግጥም አድርገው ይመልሱላቸዋል። ማይክ የለ፣ ዲጄ የለ። አምስተኛ ፎቅ ያለችው ጎረቤታችን ውኃ የሞላ ጀሪካን ተሸክማ መሀል ላይ ተያዘች፤ ወደ ላይም ወደ ታችም መሄጃ የለም። ትንሽ ቆማ አየችና ጀሪካኑን ደረጃው ላይ አስቀምጣ፣ ከሴቶቹ ጋር «አናስገባም» ማለት ጀመረች።